ፊሽካና ክኒን

ስልኩ ሲጮኽ ሾፌሯ አውቶቡሷን ጋራዥ አስገብታ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ በወንበሮቹ መካከል እያጎነበሰች ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ እንዳለ ታይ ነበር። በአንድ እጇ ባለቤቱ ያልታወቀ ጃንጥላ፣ በሌላው የሕፃን ካልሲ እንደያዘች ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ወሸቀችው። የደወለላት የእግር ኳስ ዳኞች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ሰውየው ዙሪያ ጥምጥም ካልሄደ ወሬ የማይጥመው ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ ጤናዋን፣ ቀጥሎ ባሏን፣ ከዚያ እናቷን ጠየቃት፤ የዘንድሮ ብርድ እንደማያስችልም አነሳ። በመጨረሻ፣ ልክ ትንሽ ነገር ረስቶ እንደነበረ ሰው፣ ለሴቶች የአገሮች ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ እሷ መሆኗን ነገራት።

ሾፌሯ ጃንጥላውንና ካልሲውን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ጸሐፊው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል እባክዎ ይድገሙልኝ አለችው። ደገመላት። ውድድሩ የሚካሄደው ከምድር ወገብ አጠገብ ባለ ሞቃት አገር ነው፤ ከዚህ የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ፣ ሌላዋ ብረቷ የሚሏት አንጋፋ ዳኛ። ስልኩን እንደዘጋች ወደ መሪው ተመልሳ ተቀመጠችና ክላክሱን በረጅሙ ለቀቀችው። የጋራዡ ጥበቃ አደጋ የደረሰ መስሎት እየሮጠ መጣ። ምን እንደሆነች ሲጠይቃት፣ ዕድሜ ልኳን ሰው ስታሳፍር የኖረችው ሴት አሁን ደግሞ ራሷ ልትሳፈር መሆኑን ነገረችው። ጥበቃው የት እንደምትሄድ እንኳ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አውልቆ ጨበጣት።

ይህች ሴት ሳምንቱን ሙሉ የምትነዳው ከገበያው ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ በኩል ዞሮ፣ እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚዘልቀውን መስመር ነው። ወጣት ሳለች ለአውቶቡስ ድርጅቱ የሴቶች ቡድን ተከላካይ ነበረች። ቡድኑ ሲበተን አሰልጣኙ ማሊያዋን ተቀብሎ በምትኩ ፊሽካ አስያዛት፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ በየሰፈሩ አቧራ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ኖረች። ተመልካች ቢሰድባት አይሞቃት አይበርዳት። «በሩን ክፈቺ፣ በሩን ዝጊ፣ ምነው ቀዘቀዝሽ፣ ምነው በረርሽ እያሉኝ የሚውሉ ሰዎች አሉኝ፤ ደጋፊ ከዚህ በላይ ምን ይጨምርልኛል?» ትል ነበር። ወደ ትልልቁ ጨዋታ የወጣችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ከከተማዋ ዳር አልፋ ግን አታውቅም። ባሕር ያየችው በቴሌቪዥን፣ አውሮፕላን ያየችው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

ቤት ስትደርስ ባርበር የሆነው ባሏ ከፀጉር ቤቱ አልተመለሰም። እናቷ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክር ይጠቀልሉ ነበር። ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ የአገሩን ስም ሲሰሙ ግን እጃቸው ቆመ።

«የንዳድ አገር ነው እኮ ልጄ» አሉ። እሳቸው ልጅ ሆነው ወባን የሚያውቋት በዚህ ስሟ ነው። ወደዚያ ለሥራ ወርደው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ የተመለሱ ጎረቤቶቻቸውን፣ ከነጭራሹ ያልተመለሱትንም አንድ በአንድ ቆጠሩላት። ሾፌሯ የዛሬ መድኃኒት የድሮው እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

ባሏ ሲመጣ ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጠው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ነገውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለመንገደኛ የሚሰጠውን መከላከያ ትጠይቅ አለ። ከዚያ ግን ሰውየው ደስታውን መያዝ አቃተው። በማግስቱ መስታወቱ ፊት ለተቀመጠ ሁሉ ሚስቱ ለዓለም ልታጫውት መሆኑን ሲያወራ አንዱን ደንበኛ ባልጠየቀው ቁመት አሳጥሮ ላጨው ይባላል። ፀጉር ቤት ደግሞ ወሬ እንደ ፀጉር የሚረግፍበት ቦታ ነው። አንዱ ክኒኑ ዓይን ቢጫ ያደርጋል አለ። ሌላው የአጎቱ ልጅ ክኒኑን ውጦ ሌሊቱን ሙሉ ከግመል ጋር ሲሟገት እንዳደረ ተረከ። ሦስተኛው፣ ፊቱ በሳፙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ነጭ ሽንኩርት በደንብ የበላን ሰው ቢንቢ ዝር እንደማትለው መሰከረ። ባርበሩ ምላጩን አንስቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ከበላማ ተጫዋቾቹም ዝር አይሏትም አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው። ማታ ግን ይህንን ሁሉ ለሚስቱ ሲነግራት እሷ አልሳቀችም፤ ከግመሉ በስተቀር ሁሉንም በልቧ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

የተቀበለቻት ነርስ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ነበረች። ግድግዳው ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል፤ የምድር ወገብ አካባቢው በጣት ብዛት ወይቧል። ሲስተሯ መጀመሪያ ወዴት እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትነሳ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን ጠየቀቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ መጻፍ ከጀመረች በኋላ ቆም አለችና እዚያ ሄዳ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«መሮጥ» አለች ሾፌሯ። «ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ።»

ሲስተሯ የጻፈችውን ሰረዘች። ልታዝዝላት የነበረው ክኒን ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ነበርና በሌላ ቀየረችላት። አዲሱ በየቀኑ፣ ምግብ ላይ የሚዋጥ ነው፤ ከመነሳቷ አስቀድማ ትጀምራለች፣ እዚያ ሳለች አንድም ቀን አታስተጓጉልም፣ ከተመለሰች በኋላም ሲስተሯ የነገረቻት ቀን እስኪሞላ ትቀጥላለች። ለሾፌሯ ያች የመጨረሻዋ አልገባቻትም። ብርድ አገሯ ከተመለሰች ከየትኛዋ ቢንቢ ነው የምትጠበቀው? ሲስተሯ ሳትሰለች አስረዳቻት። የወባዋ ተሕዋስ ሰው ደም ውስጥ እንደገባች ቶሎ አትታይም፤ ጉበት ውስጥ ተሸሽጋ ትፈለፈላለች፤ ሰውየው ሻንጣውን ፈትቶ ስጦታውን አድሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ብቅ የምትለው። ክንዷ ላይ ለቢጫ ወባ የሚሆነውን ክትባት ወጋቻትና ጥጡን ይዛ እንድትቆይ ካደረገች በኋላ በዝግታ እንዲህ አለቻት፦

«ክኒኑ ጋሻ ነው እንጂ ግንብ አይደለም። አጎበሩም፣ እጅጌ ሙሉ ልብሱም፣ የሚቀባው የቢንቢ መከላከያም አብረውት ይሂዱ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ካተኮሰሽ ግን ድካም ነው፣ ጉንፋን ነው ብለሽ እንዳትተኚ። ያኔውኑ ተመርመሪ። ወባ ቀጠሮ አታከብርም።»

የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጠችው እናቷና ባሏ ፊት ነው። እናቷ እንቁላል ጠበሱ፣ ባሏ ወተት አቀረበ፣ ሁለቱም ዓይኗን ዓይኗን እያዩ ቢጫ እስኪሆን ጠበቁ። ምንም አልሆነም። እናቷ እፎይ ብለው የቀረውን እንቁላል እሳቸው በሉት።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ብረቷን አገኘቻት። ማኅበሩ ውስጥ ይህችን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም። የስፖርት አስተማሪ ናት፤ አጥንቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ በዳኝነት ዘመኗ አንድም ጨዋታ በሕመም ምክንያት ቀርታ የማታውቅ። ብረቷ ያሰኛትም ይኸው ነው። ሾፌሯ ፊሽካ አያያዝ የተማረችው እሷን እያየች ነው፤ እስከ ዛሬም እትዬ ነው የምትላት። ዕድሜዋ ለጡረታ ደርሶ ስለነበር ይህ ውድድር የመጨረሻዋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የፍጻሜውን ጨዋታ ሳታጫውት እንደማትመለስም ለሁሉም ተናግራለች።

ሾፌሯ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አውሮፕላኑ ሲነሳ የብረቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች፤ ደመናውን አልፎ ፀሐይዋ ቦግ ስትል ግን ክንዱንም ፍርሃቱንም ረሳች። ከታች የተዘረጋውን ጥጥ የመሰለ ነገር ዓይኗን ሳትነቅል እያየች እንደ ልጅ ለብቻዋ ትስቅ ነበር። ሲያርፉ ጎማው መሬት ነክቶ ሲንሸራተት ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችና ፍሬን አያያዙ መልካም መሆኑን ለብረቷ መሰከረች። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊታቸውን መታቸው። አፈሩ ቀይ፣ ዛፉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰማዩ ዝቅ ያለ፤ ከተማዋን ለሁለት የከፈላት ወንዝ ደግሞ ስፋቱ ሰባት የሾፌሯን ጎዳና ጎን ለጎን ያስተኛል። የወሰዳቸው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ይነዳ ነበር። ሾፌሯ ይህንን ስታይ አፏ ላይ የመጣውን ምክር በግድ ዋጠችው።

ዳኞቹ አየሩን እንዲለምዱ ተብሎ ከውድድሩ ብዙ ቀደም ብለው ነበር የተጠሩት። ሁለቱ ሴቶች አንድ ክፍል ደረሳቸው፤ ሁለት አልጋ፣ ጣራው ላይ የሚያቃስት ማራገቢያ፣ በየአልጋው ላይ የተንጠለጠለ አጎበር። ሾፌሯ ገና ሻንጣዋን ሳትከፍት አጎበሯን መረመረች፤ የተቀደደውን በመርፌ ጠቀመችው፤ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ወሸቀችው። ብረቷ የራሷን ሰብስባ ከበላይ ቋጠረችው። ውስጡ ስትገባ እንደ ተጠመደ ዓሣ እንደሚሰማት፣ አየርም እንደሚያጥራት ተናገረች። ክኒኑንም ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ድሮ ስትውጠው ሆዷን አገላብጧት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ትታዋለች፤ ምንም አልሆነችም።

«እትዬ፣ የሚያገላብጥሽ ባዶ ሆድሽን ስለምትውጪው ይሆናል። ካልሆነም ሌላ ዓይነት አለ፤ ሐኪሙን እንጠይቀው» አለቻት ሾፌሯ።

«እኔ እነዚህን አገሮች ስመላለስባቸው አንቺ ገና ኳስ በጨርቅ ትጠቀልዪ ነበር» አለች ብረቷ። «ሰውነቴ ለምዶታል። ባይሆን ቢንቢዎቹ ያውቁኛል።»

ሾፌሯ ሳቀች። ሲስተሯ ስለዚሁ ነግራታለች፤ ለወራት እዚያ የኖረ እንኳ ከተለየ በኋላ ሰውነቱ ይረሳዋል፤ አልፎ አልፎ ደርሶ የሚመለስማ ከመጀመሪያውም የለመደው ነገር የለም። ይህንኑ አንድ ሁለቴ ብትደግምላት ብረቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ታላቋ ናትና ከዚያ በላይ አልገፋቻትም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤት ከእንቁላሉ ጋር ክኒኗን እየዋጠች፣ ሲመሽ እጅጌዋን እየሰበሰበችና ቁርጭምጭሚቷን እየተቀባች፣ ቀኑን በደስታ ታሳልፍ ጀመር። ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። የሌላ አገር ዳኞች ቋንቋ ባይገባትም በእጅ ምልክት ትግባባለች፤ ከጨዋታ ውጪን በእጅ የሚያስረዳ ሰው ምን ያቅተዋል? በምድብ ጨዋታዎቹ አንዴ የመስመር ዳኛ ሆና ሮጠች፣ ሌላ ጊዜ ተጠባባቂ ሆና የቅያሬ ሰሌዳ ይዛ ቆመች። ስታዲየሙ ሲጮኽ ከእግሯ ሥር መሬቱ ሲርድ ይሰማታል። ማታ ለባሏ በስልክ ስትተርክለት ትንፋሽ ያጥራታል፤ እሱም ነገ ለፀጉር ቤቱ እንዲመቸው ያመለጠውን እያስደገመ ይሰማል።

ውድድሩ እያለቀ ሲመጣ የፍጻሜው ዳኞች ተነገሩ። የመሃል ዳኛ ብረቷ፣ ተጠባባቂ ሾፌሯ። ሁለቱም ተቃቅፈው እንባ በእንባ ሆኑ።

የፍጻሜው ዋዜማ ጠዋት ልምምድ ላይ ብረቷ ወደ ኋላ ቀረች። ራሴን ትንሽ ያመኛል አለች። ከሰዓት በኋላ ሾፌሯ ከቡድኖቹ ስብሰባ ስትመለስ ብረቷን ያገኘቻት በዚያ ሰው በሚቀልጥበት ሙቀት ጃኬት ደርባ፣ የሁለቱንም አልጋ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ስትንዘፈዘፍ ነው። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሾፌሯ እጇን ግንባሯ ላይ ስታሳርፍ የሞቀ ሞተር የነካች መሰላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርዱ ለቀቃት፣ ላብ አጠመቃት፣ ከዚያ ተነስታ ውኃ ጠጣችና እንደ ደህና ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አየሽ? አለፈ» አለች። «ድካም ነው።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ጋ እንሂድ። አንዲት ጠብታ ደም ናት።»

ብረቷ የሾፌሯን እጅ ያዘች። በዚያ ሁሉ ዘመን ድምፅዋ ሲለሰልስ ሾፌሯ ሰምታ አታውቅም። «ሐኪሙ ካወቀ ነገ አልገባም። ነገ ካልገባሁ ደግሞ ሌላ ነገ የለኝም። አጫውቼ ስወጣ ራሴ በእግሬ እሄድለታለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ።»

ሾፌሯ ክፍሉን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ነበር። ዝም ብትል ይህች ሴት በዚህ ሙቀት፣ ደሟ ውስጥ ምን እንደገባ ሳይታወቅ፣ ነገ ስትሮጥ ልትወድቅ ነው። ብትናገር ደግሞ የብረቷ ፊሽካ የሚተላለፈው ለተጠባባቂዋ፣ ማለትም ለራሷ ነው። አስተማሪዋን አስጥላ ቦታዋን ወሰደች ይባላል። ብረቷም ያንኑ ታስባለች። ሾፌሯ በሥራዋ ብዙ ጊዜ፣ ደህና ነኝ ንጂ እያሉ ፊታቸው አመድ የመሰለ ተሳፋሪዎች አጋጥመዋታል። እንዲህ ሲሆን መንገዱን ትታ ወደ ሆስፒታሉ በር ትታጠፋለች፤ የቀረው ሰው ይጮኻል፤ ይጮኽ። በሩን መልሳ ከፈተችው።

«ልነግረው ነው፣ እትዬ» አለች። «ተደብቄ አልሄድም ብዬ ነው የተመለስኩት። ፊሽካውን ለፈለጉት ይስጡት፤ እኔ አልፈልገውም። አንቺን ግን ሬሳ ይዤ አልመለስም።»

ብረቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የውድድሩ ሐኪም ወጣት ነው፤ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ነው ተከትሏት የሮጠው። የብረቷን ጣት ወጋ፣ ጠብታዋን በትንሿ መመርመሪያ ላይ አሳረፈ፣ ሦስቱም ጠበቁ። ወባ ነበረች፤ ከዓይነቶቿም የከፋችው። ብረቷን በአምቡላንስ ሲወስዷት ሾፌሯ አብራት ለመሄድ እግሯን አነሳች፤ ብረቷ ግን ዓይኗን ሳትከፍት በእጇ መለሰቻት።

ሾፌሯ ለዳኞች ኮሚቴው ሌላ ሰው እንዲመድቡ ብትለምንም የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ ተጠባባቂ የተባለችው ለዚህ ነው። ለባሏ ደውላ ስታለቅስ፣ ያ ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰው ቀልዱን ትቶ፣ ብረቷን በእውነት የወደደቻት አሁን መሆኑን፣ ሌላው ሁሉ በኋላ እንደሚጠራ ነገራት። ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር ክኒኗን ዋጠች። ከዚያ ጫማዋን አጠበቀች።

ስታዲየሙ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አስተናጋጁ አገር ለዋንጫ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው፤ ከበሮው፣ ጡሩምባው፣ ጭፈራው አንድ ላይ ሆኖ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ሾፌሯ በመተላለፊያው ወጥታ መሃል ሜዳ ቆመች። የመጀመሪያውን ፊሽካ እስክትነፋ ድረስ ልቧ ድው ድው ይል ነበር። ከነፋችው በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ የምታውቀው ሆነ። ሃያ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ኳስ፣ እሷም መሃል። መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደምታደርገው ከፊቷም ከኋላዋም ከጎኗም ያለውን በአንድ ጊዜ ማየት ጀመረች። ክርን ሊሰነዘር ሲል ቀድማ ትደርሳለች፤ ጠብ ሊነሳ ሲል መሃል ገብታ ፈገግ ትላለች። ላቡ ዓይኗን ያቃጥላታል፤ እግሯ ግን አልሰነፈም። እንዲያውም ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን አታውቅም ነበር።

ጨዋታው ያለ ግብ እያለቀ ሳለ የእንግዶቹ አጥቂ ኳሷን እየገፋች የግብ ክልሉ ውስጥ ገባች። የአስተናጋጆቹ ተከላካይ ተንሸራትታ ደረሰች። ሁለቱም ወደቁ። ሾፌሯ ቅርብ ነበረች፤ ቅድሚያ የተነካው እግር፣ ኳሷ በኋላ። ስታዲየሙ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ፊሽካዋን ነፋችና ጣቷን ወደ ነጩ ነጥብ ዘረጋች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጩኸት ስትተርክ ዛሬም ጆሮዋን ትሸፍናለች። ተጫዋቾቹ ከበቧት፤ ከላይ የውኃ ጠርሙስ ዘነበ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ፍፁም ቅጣት ምቱ ተመታ፤ ግብ ጠባቂዋ እንደ ድመት ተወርውራ በጣቶቿ ጫፍ አወጣችው። ኳሷ ወደ ሌላው ወገን ተጠለዘች፤ የአስተናጋጆቹ ትንሿ ክንፍ ተጫዋች ያለ ማንም ከልካይ ይዛት ሮጠች፤ ሾፌሯም ሳንባዋ እስኪቃጠል ተከትላ ሮጠች፤ ኳሷ መረቡን ስትነካ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ግብ። መሃል ሜዳ እንደተመለሱ ጨዋታው አለቀ። ጠርሙስ የወረወሩት ሰዎች እርስ በርስ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሾፌሯም ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለችና ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች፤ ስትስቅም ስታለቅስም ነበር።

ልብሷን ቀይራ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። በሩ ላይ ደርሳ እንደ ተማሪ ቆመች። ብረቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነጭ ሩዝ በማንኪያ ታንቀሳቅሳለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ነቅቷል። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«በነርሷ ስልክ አየሁት» አለች። «ሁለት ነገር ልነግርሽ ነበር። አንደኛው፣ ያ ፍፁም ቅጣት ምት አልነበረም።»

ሾፌሯ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለተኛውን ሐኪሙ ይንገርሽ። እኔ አፌ እምቢ ይለኛል።»

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ነገራት። ብረቷ በዚያ ደምና በዚያ ሙቀት ሮጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያወሩት ሌላ ወሬ ነበር። ቶሎ ስለተደረሰላት ግን መድኃኒቱ ይዟታል። ሾፌሯ ተመልሳ ስትገባ ብረቷ አልጋው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሁለቱም ሩዙን ከአንድ ሳህን በሉ።

ብረቷ እስክታገግም ጠብቀው አብረው ተመለሱ። ጋራዡ በር ላይ ሾፌሮቹ ክላክስ በክላክስ አደረጓት፤ የስምሪት ሹሙም ለአንድ ቀን መስመሯን ራሷ እንድትመርጥ ፈቀደላት፤ እሷም የዱሮውን መረጠች። ጠዋት ጠዋት አሁንም ክኒኗን ስትውጥ ያየ ባሏ ቢንቢዋ ሻንጣ ውስጥ ተደብቃ መጥታ እንደሆነ ጠየቃት። የጉበቱን ነገር ስታስረዳው አዳመጠና በማግስቱ ለደንበኞቹ ራሱ ሐኪም ሆኖ አስረዳ። የነጭ ሽንኩርቱ ሰውዬ አላመነም። የግመሉ ግን የአጎቱ ልጅ ክኒኑን ከመንገድ መልስ ወዲያው ማቆሙን አስታውሶ፣ ያ የሌሊት ሙግት የወባ ትኩሳት ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ።

ብረቷ ጡረታ ወጣች። ቤት ግን አልተቀመጠችም። ማኅበሩ ወደ ሞቃት አገር የሚሄዱ ዳኞችን ከመነሳታቸው በፊት ትመክር ዘንድ ለመናት፤ ማንም እንደ እሷ አያስፈራራም ተብሎ ነው። ወጣቶቹን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ እኔ ብረት ነኝ ብዬ ነበር፣ ብረትን ዝገት እንደሚበላው ግን ረስቼ ነበር ትላቸዋለች። ከዚያ ክኒን የማይስማማው ካለ ለሐኪሙ ነግሮ ያስቀይር እንጂ እንደ እኔ ቦርሳው ውስጥ አያስቀምጥ ብላ ወደ ጤና ጣቢያው ትነዳቸዋለች።

እሁድ እሁድ ሾፌሯ ቤት ለምሳ ትመጣለች። ሾርባው ሳይቀርብ ባርበሩ ሆን ብሎ ስልኩን አውጥቶ ያችን ቅጽበት ይከፍትላቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ራስ ለራስ ገጥመው ያጎነብሳሉ። አጥቂዋ ትገባለች፣ ተከላካይዋ ትንሸራተታለች፣ ሁለቱም ይወድቃሉ።

«ኳሷን ነው የነካችው» ትላለች ብረቷ።

«እግሯን ነው፣ እትዬ። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

«እኔ ደግሞ ተኝቼ ነው ያየሁት፤ የተኛ ሰው አይቸኩልም።»

እናትየው ሾርባው ቀዘቀዘ ይላሉ። ባርበሩ መልሶ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።